ሪሰርቻችሁ ከጥር በፊት ፓርክ ጠባቂው ስካውት እጅ ይግባ

ልጆቼ፣ ደንና እሳት ላይ ሪሰርች ለምትሰሩት ነው የምጽፈው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ ግን በየዓመቱ ጥር፣ የእሳቱ ወቅት፣ ሲገባ ሀሳቤ ባሌ ነው።

በ1992 ዓ.ም. ባሌና ቦረና ደኑ ሲነድ ከውጭ ሀገር ሁሉ ባለሙያ መጥቶ ነበር ያገዘን፣ ከዛ በኋላ አብዛኞቻችን እሳት የሚባል ነገር በሙሉ ጠላት ነው ብለን ነው የቀጠልነው። በኋላ ግን አስታው መሀል፣ ከፍ ያለው ተራራ ላይ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ማለቴ ነው፣ ከከብት አርቢዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚረዳው። አስታ ላዩ ቢቃጠልም ከስሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ለጋው ለከብት ይሆናል፣ በቅርብ የተቃጠለው ቦታ ደግሞ የሚነድ ነገር ስለሌለው አዲስ እሳት ሲመጣ እዛ ጋ ይቆማል፣ አርቢዎቹ ይሄን ከአባቶቻቸው ያውቁታል ተመራማሪዎችም መሬት ላይ ለክተው አረጋግጠውታል። እሳቱ ወርዶ ሐረና ጫካ ከገባ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያ ደን እሳት የለመደ አይደለም። ይሄን ልዩነት ነው እንግዲህ የባሌ ተራሮች ፓርክን የሚጠብቀው ሰው ማወቅ ያለበት፣ የቱ ጋ ያረጀ አስታ ተጠራቅሞ ወደ ጫካው እንደተጠጋ።

እኔ ይሄን ጽፌ ነበር፣ በእንግሊዝኛ፣ ወፍራም ሪፖርት፣ ለአንድ ቢሮ አስረክቤ ስራዬን የጨረስኩ መሰለኝ። በዓመቱ ስመለስ አንድ ስካውት ያሳየኝ ተዳፋት ተቃጥሏል፣ ማፔ ላይ ምልክት ያደረግኩበት ቦታ ነው። ማፑን ሳሳየው "ይሄን ከጥር በፊት ብትነግረን ኖሮ" አለኝ፣ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ ህዳር ላይ ሂዱ፣ ሳሩ ሳይደርቅ። አንድ ገጽ ይበቃል፣ በአፋን ኦሮሞ ይሁን፣ ማፑ ላይ የሳተላይት ቁጥር ሳይሆን ሰው የሚያውቀው የወንዝና የሸንተረር ስም ይጻፍ፣ ፓወር ፖይንቱን ተዉትና አብራችሁ በእግር ውጡ።

ደግሞ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ማቃጠል የተከለከለ ስለሆነ የሚለኩሰው ሰው ቆሞ አይጠብቀውም፣ ለኩሶ ይሄዳል፣ ለኔ ትልቁ አደጋ እዚህ ጋ ነው። አርቢው አምኖ የት የት እንደሚያቃጥል ከነገራችሁ ስሙን ማንም ጋ አታድርሱ፣ አንድ ሰው በእናንተ ምክንያት ከተያዘ ከዛ በኋላ ለሚመጣ ተማሪ የሚያወራ የለም፣ ወረዳውና አርቢው አንድ ላይ ቁጭ ብለው መቼ ይቃጠል መቼ አይቃጠል የሚሉበት ዕድልም አብሮ ይሄዳል።

ከመለካታችሁ በፊትም ጠይቁ። ያ ስካውት ደረቅ ወር ላይ ነፋሱ በስንት ሰዓት ወደ ጫካው እንደሚዞር ያውቅ ነበር፣ እኔ ሪፖርቴ ውስጥ ስለ ነፋስ አንድ መስመር አልነበረኝም፣ ምክንያቱም አልጠየቅኩትም።