ከስድስተኛ ክፍል በኋላ፦ ስለ አፍጋኒስታን ሴቶች ለጠየቃችሁን

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አፍጋኒስታን ውስጥ ሴት ልጅ ከስድስተኛ ክፍል በላይ መማር አትችልም ይባላል። ደግሞ በድብቅ ይማራሉ ሲባልም እሰማለሁ። የቱ ነው እውነቱ?

መልስ፦ ሁለቱም። ታሊባን በኦገስት 2021 ካቡልን ከያዘ በኋላ፣ በቀጣዩ ወር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲመለሱ የጠራው ወንዶቹን ብቻ ነበር። ማርች 23 ቀን 2022 ሴቶቹም ይግቡ ተብሎ ከገቡ በኋላ፣ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቤታችሁ ተባሉ። በዲሴምበር 2022 ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋባቸው።

የድብቁን ትምህርት ግን ዛሬ አልጀመሩትም። በመጀመሪያው የታሊባን ዘመን (1996–2001) ሄራት ከተማ ውስጥ «የወርቅ መርፌ» የሚባል የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ነበር። ስፌት አልተከለከለም። ሴቶቹ ቡርቃቸውን (ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን ልብስ) ለብሰው፣ የስፌት ዕቃ አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ከጨርቁ ሥር ደብተርና እስክሪብቶ አለ። ትምህርቱ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ የሚያስተምረውም የሄራት ዩኒቨርሲቲ መምህሩ መሐመድ ናስር ራሂያብ። ልጆች ደጅ ላይ እየተጫወቱ መንገዱን ይጠብቃሉ። ተቆጣጣሪ ከመጣ ሮጠው ይናገራሉ፦ ደብተሩ ይሰወራል፣ መምህሩ ወደ ሌላ ክፍል ይገባል፣ ሴቶቹም መርፌያቸውን ያነሳሉ።

ዘዴው ዛሬም ያው ነው፤ የተፈቀደውን ፈልጎ በእሱ ሥር መግባት። የስፌት ወይም የቁርኣን ትምህርት ሽፋን ይሆናል። ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አብረው አይመጡም፣ አብረውም አይወጡም። ደጃፍ ላይ የተደረደረ ብዙ ጫማ ለጎረቤት በቂ ወሬ ነውና እሱም ይታሰብበታል። ጀግንነት ብቻ ብሎ ማለፍ የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ አብዛኛው ስሌት ነው።

በኢንተርኔት፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚማሩም አሉ። ቤጉም የተባለው የሴቶች ሬዲዮ ማርች 8 ቀን 2021 ካቡል ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ እህት ቴሌቪዥኑ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ከፓሪስ በሳተላይት ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት በአገሩ ቋንቋዎች፣ በዳሪና በፓሽቶ፣ ያስተላልፋል። ሳተላይት ያስፈለገው በምክንያት ነው፦ መብራት ይጠፋል፣ የኢንተርኔት ክፍያው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ እንደሆነውም መንግሥት አገሩን በሙሉ ለሁለት ቀን ገደማ ከኢንተርኔት ሊያጠፋው ይችላል። ያልተፈታው ችግር ግን የምስክር ወረቀቱ ነው። ቤት ውስጥ 12ኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ አገር ውስጥ የሚቀበላት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የለም።

ጥያቄ፦ መሥራትስ ይችላሉ? ባል የሞተባት ሴት በምን ትኖራለች?

መልስ፦ በሩ በየጊዜው እየጠበበ ነው የመጣው። በዲሴምበር 2022 በእርዳታ ድርጅቶች፣ በኤፕሪል 2023 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች እንዳይሠሩ ተከለከሉ። በጁላይ 2023 የሴቶች የውበት ሳሎኖች ተዘጉ፤ ሳሎኑ ከገቢውም ሌላ ሴቶች ብቻቸውን የሚገናኙበት ቤት ነበር። ከ72 ኪሎ ሜትር በላይ ለመጓዝ ደግሞ መህረም፣ ማለትም የቅርብ ወንድ ዘመድ ያስፈልጋል።

የቀረው በአብዛኛው ቤት ውስጥ የሚሠራው ነው፦ ምንጣፍ፣ ጥልፍ፣ ስፌት፣ ሄራት ላይ ደግሞ ሳፍሮን የሚባለው ቅመም። ሳፍሮን የሚለቀመው በመከር ለጥቂት ሳምንታት ነው። ሐምራዊው አበባ ፀሐይ ሳይጠነክርበት፣ በማለዳ መቀጠፍ አለበት። ከዚያ ሴቶች ቁጭ ብለው ከእያንዳንዱ አበባ ሦስቱን ቀይ ክሮች በጣታቸው ይለያሉ። ለአንድ ግራም ደረቅ ሳፍሮን 150 ያህል አበባ ይፈለጋል። ለነገ ካደረ አበባው ይጠወልግና ክሩ ይጣበቅበታል፣ ሲነቀል ይበጠሳል፤ በደንብ ሳይደርቅ ከታሸገ ደግሞ ይሻግታል። ሥራው የሴት ነው፤ ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚደራደረው ግን ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። ወንድም ወይም ወንድ ልጅ የሌላት ሴት የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ሐኪም ካልሠለጠነች ወላዶቹን ማን ያዋልዳቸዋል?

መልስ፦ አሁን ያሉት፣ እስኪያረጁ ወይም እስኪሰደዱ ድረስ። በዲሴምበር 2024 የአዋላጅነትና የነርስነት ማሠልጠኛዎችም ለሴቶች ተዘጉ። በብዙ አካባቢ ሴት በወንድ ሐኪም መታየቷ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ተተኪ አዋላጅ አለመሠልጠኗ ራሱ በወላዷ ሕይወት ላይ የሚወስን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 ባወጣው ግምት፣ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 620 እናቶች ይሞቱ ነበር። ይህ እንግዲህ ማሠልጠኛው ሳይዘጋ ነው።

ጥያቄ፦ ተቃውሞ የሚያሰሙ ሴቶችን ቪዲዮ ሳይ አጋራለሁ። ጥፋት ይሆን?

መልስ፦ ልብዎ መልካም ነው፤ ግን መጀመሪያ ምንጩን ይዩ። ሴቶቹ ራሳቸው ለሕዝብ ያወጡት ከሆነ፣ ለምሳሌ ፊታቸውን ሸፍነው «ዳቦ፣ ሥራ፣ ነፃነት» የሚለውን መፈክር የያዙበት ከሆነ፣ ያጋሩት። በግል የተላከልዎትን ግን አያጋሩ። ፊት ቢደበዝዝም የመስኮቱ ቅርጽ፣ ምንጣፉ፣ ከውጭ የሚሰማው ድምፅ ቤቱን ያስለያል። የሴቲቱ ድምፅም እንዲሁ፤ የኦገስት 2024ቱ ሕግ የሴት ድምፅ በአደባባይ እንዳይሰማ ያዛልና ድምፁ ራሱ መክሰሻ ይሆናል። የተባለውን በራስዎ ቃል ይጻፉት፤ ከተማውንና ቀኑን ይተዉት፣ ፋይሉንም ከስልክዎ ያጥፉት።