መስፍኑን ተይውና ገበያ ውጪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የታሪክ ተማሪ ነሽ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የሚሆን የፍቅር ልብወለድ ጀምረሻል። ቤተሰብ ደግሞ «ይሄ እንጀራ ይሆናል?» እያለ ወጥሮሻል። ብቻውን አይሆንም፤ ቢያንስ ቶሎ አይሆንም። እኛ አገር ብዙ ጸሐፊ ማተሚያ ቤቱን የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ስትመረቂ ሥራ ያዢ፣ ማታ ማታ ጻፊ። የገንዘቡ ነገር ይኸው ነው።

ወደ ላክሽልኝ ሦስት ገጽ ልምጣ። መስፍን አለ፣ ቤተ መንግሥት አለ፣ የ16 ዓመት ሙሽራ አለች። ከፊልም የመጣ ይመስለኛል። የዚያ ዘመን ተራ እንግሊዛዊ ቶሎ አያገባም ነበር። ሴቶቹ በአማካይ 25 ወይም 26 ዓመት እስኪሆናቸው ይቆያሉ፤ ብዙዎቹ ሰው ቤት ተቀጥረው ጥሪት ይቋጥራሉ። ፍቅሩ ያለው እዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው። ልጅቷን የቤት ሠራተኛ አድርጊያት።

ዘመኑንም አጥብቢው። እኔ ብሆን በፈረንጆቹ 1653 መጨረሻን እመርጣለሁ። የንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ አንገት ከተቀላ አራት ዓመት አልፏል። ቲያትር ቤቶች ከ1642 ጀምሮ ዝግ ናቸው። ገናን ማክበር ክልክል ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ጋብቻን ከቄስ እጅ አውጥቶ ለዳኛ ሰጠው። ተጋቢዎቹ ከፈለጉ ስማቸው በቤተ ክርስቲያን ፈንታ ገበያ መሃል፣ ለሦስት የገበያ ቀን ይለፈፋል። እስቲ አስቢው፦ ዶሮው ይንጫጫል፣ አንዱ አይብ ይመዝናል፣ ለፋፊው የሷንና የሱን ስም ይጠራል፣ እሷ ቅርጫቷን እንዳቀፈች አንገቷን ትደፋለች። ሌላ ሴት ብድግ ብላ «የኔ ነው!» ብትልስ?

«በእንግሊዝኛ ብጽፈው ይሻል ይሆን?» ላልሽው፣ ተይ። ያኔ እንግሊዝኛም እንደኛ አንተና እርስዎ ነበረው። ክዌከሮች የሚባሉት የፕሮቴስታንት ሃይማኖተኞች ዳኛውን ሳይቀር «አንተ» እያሉ ስንቱን አስቆጥተዋል! ዛሬ እንግሊዝኛው ጥሎታል፤ አንቺ ግን አፍሽ ላይ አለ። ሠራተኛዋ «እርስዎ» ስትለው የከረመችውን ሰው አንድ ቀን «አንተ» ብላ ብትደነግጥ፣ አንባቢው ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ለንባብ የሳሙኤል ፒፕስን፣ የዚያን ዘመን የለንደን ሹም፣ የየዕለት ማስታወሻ ያዢ፤ ከ1660 እስከ 1669 ያለው ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የ1666ቱ የለንደን እሳት ሲመጣ ሰውዬው ጉድጓድ ቆፍሮ የፓርሜዛን አይቡን ቀብሯል! እንዲህ ዓይነቷን ነገር ልቀሚ። ቀን ላይ ግን ተጠንቀቂ፦ የእንግሊዝ አዲስ ዓመት ያኔ የሚገባው ማርች 25 ስለነበር፣ «ጃንዋሪ 1653» የሚል ሰነድ ካገኘሽ በዛሬው ቆጠራ 1654 ነው። በሁለት ካላንደር ላደገ ሰው ይሄ አይከብድም።

የገበያውን ምዕራፍ ጽፈሽ ላኪልኝ።