ባንክ ወንዝ ዳር ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የእንግሊዝኛ ምንባባችን ውስጥ ሰውዬው የዓባይ «ባንክ» ላይ ቁጭ አለ ይላል። እኔ ገንዘብ የሚቀመጥበት መስሎኝ እንደዚያው ተረጎምሁት፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ወንዝና ገንዘብ እንዴት አንድ ስም ያዙ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ጥያቄሽ የሚያስቅ አይደለም። አያትሽ ቤት መደብ አለ? እኔ ያደግሁበት ደንበጫ ቤታችን ውስጥ ነበረ። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ በእበት የተለቀለቀ፣ እንግዳ ሲመጣ አጎዛ የሚነጠፍበት። መቀመጫ ነው፤ ግን ራሱ አፈር ነው። ጓሮ ስትወጪም ሽንኩርት የሚተከልበትን ከፍ ያለ አፈር መደብ እንለዋለን። «ባንክ»ም ከሥሩ እንደዚህ ነው። በጥንቱ የጀርመን ቋንቋዎች ቤተሰብ ከፍ ያለ አፈርና አግዳሚ መቀመጫ የሚጠሩት በአንድ ቃል ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተለያየ። አንዱ በስካንዲኔቪያ ሰዎች በኩል እንግሊዝ ገባና ወንዙን ግራና ቀኝ የያዘው አፈር መጠሪያ ሆነ። ሌላው ጣሊያን ወረደ። ጣሊያኖች አግዳሚ ወንበሩን «ባንካ» አሉት፤ ገንዘብ መንዛሪዎች ሳንቲም የሚቆጥሩበትን ጠረጴዛም እንዲሁ፤ ቆይቶ ጠረጴዛው ስሙን ለሥራው አወረሰ፣ በፈረንሳይኛ በኩልም በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንግሊዝኛ ገባ። የወንዙ ዘመዱ ግን ቀድሞት ገብቶ ነበር። መዝገበ ቃላት ላይ ለየብቻ የሚጻፉት ለዚህ ነው። ኪሳራን የሚገልጸው «ባንክራፕት» ሳይቀር ከጣሊያንኛው «የተሰበረ ባንካ» የመጣ ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን የእኛው ባንኮኒ ነው። ባለሱቁ ስኳሩን መዝኖ የሚያስቀምጥልሽ ባንኮኒ ከጣሊያንኛው «ባንኮኔ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ትልቅ ባንኮ (የ«ባንካ» ሌላ መልኩ ነው) ማለት ነው። በ1898 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በተከፈተው በመጀመሪያው ባንካችን፣ በአቢሲኒያ ባንክ ስም ውስጥ ያለውም ያው ቃል ነው። ጠረጴዛውም ገንዘብ ቤቱም ለየብቻ መጥተው አማርኛ ውስጥ ተገናኙ።

ለምንባብሽ «ዓባይ ዳር ቁጭ አለ» በዪ። ዳር ጥሩ ቃል ነው፤ ባሕር ዳርም የተጠራችው በእሱ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዙሪያውን እዪ፦ ውሃ፣ ጀልባ ወይም ዓሣ ካለ ዳር ነው፤ ብድርና ቁጠባ ካለ ገንዘብ ቤቱ ነው።