ሳቁ ሁለቴ ሲመጣ፦ ድሬ ላይ ፌስቲቫል ለምታዘጋጁ ልጆች

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

ባለፈው ሳምንት ሁለታችሁ እቤቴ መጥታችሁ ወረቀታችሁን ዘረጋችሁልኝ። ፊልም፣ ሙዚቃ፣ ግጥም። ሦስት ቀን፣ ሁለቱ ድሬ አንዱ ሐረር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ፣ ከውጭ ደግሞ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ። ደስ አለኝ። ከዚያ አንዳችሁ «አቦ ጋሼ፣ ሞንታርቦ ስንት ይበቃናል በለን» አለኝ። (አንቱ ቢለኝ ኖሮ የድሬ ልጅ መሆኑን እጠራጠር ነበር።) ስንት እንደሚበቃችሁ ነገርኳችሁ፣ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ሄዳችሁ።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሞንታርቦ እኮ ከየትም ይከራያል። በወረቀታችሁ ላይ ለባነር ገንዘብ አለ፣ ለቲሸርት አለ፣ ለእንግዳ ምሳ አለ። ተርጓሚ የሚል ቃል ግን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ የለም። ስድስት ቋንቋ፣ ዜሮ ተርጓሚ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በድምፅ ሥራ ቆይቻለሁ። ሠርግ፣ ስብሰባ፣ ምርቃት፣ ኮንሰርት፣ ያልሠራሁት የለም። መድረክ ላይ ያለ ሰው መብራቱ ዓይኑ ውስጥ ስለሚገባ ሕዝቡን በደንብ አያይም። እኔ ሚክሰሩ ጋ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። ማን ስልኩን እንዳወጣ፣ ማን ለሽንት ብሎ ወጥቶ እንደቀረ። ስለዚህ የምነግራችሁ ካየሁት ነው።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ድሬ፣ የእናንተን የመሰለ ዝግጅት ነበር። አዘጋጁን አልጠራም፤ ጥፋቱም የሁላችንም ነበር። አንድ ሽማግሌ የሶማሌ ገጣሚ መጡ። ሽርጥ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከዘራ። ወረቀት የለም፣ ስልክ የለም። ጋባይ ጀመሩ። ጋባይን ለማታውቁት፣ ግጥሙ የተጀመረበት ድምፅ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። በ«መ» ከተነሳ በየስንኙ በ«መ» የሚጀምር ቃል ተፈልጎ መግባት አለበት፣ ስንኙ ሃምሳ ይሁን መቶ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀባቸው። የቀዳሁት እኔ ስለሆንኩ ሰዓቱን አውቃለሁ።

ሶማሊኛ የሚሰማው ግማሽ አዳራሽ አንዴ ይስቃል፣ አንዴ ፀጥ ይላል፣ አንዱማ ብድግ ብሎ እጁን አነሳ። ሌላው ግማሽ ሳቅ በመጣ ቁጥር ዞሮ የጎረቤቱን ፊት ያያል። ሲጨርሱ መድረክ መሪው ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ጠርቶ «ምን አሉ? ለሕዝቡ ባጭሩ ንገርልን» አለው። ልጁ ደነገጠ። ማይኩን ተቀበለና «ስለ ግመልና ስለ ሰላም ነው የተናገሩት» አለ። ተጨበጨበ። ሙዚቃ ገባ።

ሽማግሌው አማርኛ አሳምረው ይሰማሉ። ከመድረክ ሲወርዱ ማይኩን ከአንገታቸው ስፈታ «የኔ ልጅ፣ ግመሉስ እሺ፣ የቀረውን የት አደረሳችሁት?» አሉኝ። እስካሁን መልስ የለኝም።

ያን ልጅ አትውቀሱት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በአንድ ድምፅ የተገመደ ግጥም፣ ድንገት ተጠርቶ፣ ሰው ፊት ቆሞ፣ ማን ይተረጉማል?

እንግዲህ አዘጋጅ ሁሉ ለምን ጭፈራ እንደሚወድ ይገባችኋል። እስክስታ፣ ሸጎዬ፣ ዳንቶ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ልብሱ ያምራል፣ ፎቶው ያምራል፣ ትርጉም አይጠይቅም። ጭፈራ አልጠላም፣ ጉልበቴ ሳይደክም እኔም ሸጎዬ ላይ አልታማም ነበር። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጭፈራ ብቻ ከሆነ ስሙን ፌስቲቫል አትበሉት፣ ሠርግ ነው፤ ሙሽራ የሌለው ሠርግ።

እኛ ድሬዎች ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለን። ከተማችን ድብልቅ ስለሆነች ብቻ ሁሉ የተግባባ ይመስለናል። እውነት ነው፣ ድሬን የወለዳት ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፣ ተራራው አላስወጣ ሲል በ1895 ዓ.ም. እዚህ ቆመ። ቦታውንም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር ያሉት። ከዚያ ግሪኩ፣ ዓረቡ፣ ህንዱ፣ አርመኑ ሁሉ መጣ። አሊ ቢራን ያወጣው ይሄ ሰፈር ነው። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ የዘፈነው ስፖንሰር አግኝቶ አይደለም። ጎረቤቱ የሚናገረውን ሰምቶ ያደገ ልጅ ስለነበር ነው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ በስንት ቋንቋ ተለቀሰለት። ግን አሊ ቢራ አንድ ነው። እኛ ቀሪዎቹ በገበያ ቋንቋ ነው የምንግባባው። «ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ወላሂ አይሆንም» እንባባላለን እንጂ ግጥም ላይ ስንደርስ ያ አይበቃም።

ልጅ ሆነን የህንድ ፊልም እንገባ ነበር። ከታች የሚጻፈው እንግሊዝኛ፣ የሚያነበው የለም። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ሰውዬ ነበር፣ ሁሌም ጫቱን ይዞ፣ ጮክ ብሎ ይተረጉምልናል። «አሁን አባቱን የገደለው እሱ መሆኑን አወቀች!» ሲል አዳራሹ ያለቅሳል። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንኑ ፊልም በአማርኛ ትርጉም አየሁት። ለካ ሰውዬው ግማሹን ከራሱ ነው ያመጣው። አባት ነው ያለን ሰው ወንድም ነው፣ የሞተም የለም። አቦ ግን የሱ ይሻል ነበር።

እናንተ ዘንድ ያ ሰውዬ የለም። ስለዚህ የፊልሙን ሰብታይትል ቀድማችሁ ሥሩ። ትንሽ ስለሠራሁት ልንገራችሁ። ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይወጣም። ከስድስት ሰባት ሰከንድ በላይ ከቆየ ሰው ደግሞ ደግሞ ያነበዋል፣ ከአንድ ሰከንድ ካነሰ ዓይን አይይዘውም። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ አትጽፉም፣ ትመርጣላችሁ። አማርኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ተዋናዩ «አልወድሽም» የምትለዋን ቃል ቀድሞ ተናግሮ ፊቱን ሲያዞር፣ የእናንተ ጽሑፍ ገና ምክንያቱን ሲደረድር «አልወድሽም» የሚለው በሩን ዘግቶ ከወጣ በኋላ ይመጣል። ዓረፍተ ነገሩን ቁረጡት፣ አጭር አጭር አድርጉት።

ሌላው ሳጥን ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ያማረ የግዕዝ ፊደል፣ የአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይሆናል። እኔ ላይ ደርሷል። ሦስት መቶ ሰው ፊት አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳጥን አስነበብኩ። አንዷ እናት «ልጄ፣ ይሄ የማን ቋንቋ ነው?» አሉኝ። ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትማችሁ አምጡ። ባመጣችሁት ማሽን፣ በዚያው አዳራሽ፣ ከአንድ ቀን በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት።

ሰዓት ላይ ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁ። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ድሬ ላይ ሙቀቱ አለ፣ በርጫው አለ፤ ማንም አይመጣም። ውጭ የሚታየውን ፊልም ከዒሻ በኋላ አድርጉት፣ ሁለት ሰዓት ላይ። አዛን መካከል የሚገባ ፕሮግራም ማውጣት ነውርም ነው፣ ለድምፅ ሥራም አይሆንም። ጄኔሬተሩን ከስክሪኑ አርቁት፣ ረጅም ኬብል ግዙ። ሐረር ላይ ደግሞ ማታ ይበርዳል፣ የድሬ ልጅ በቲሸርት ሄዶ ሲንቀጠቀጥ ግጥም አይሰማም። ጋቢ ያዙ በሏቸው።

ሐረር ካልኩ አይቀር። የውጭ እንግዶቻችሁ ገና ሳይወርዱ የፈረንሳዩን ገጣሚ የአርተር ራምቦን ቤት ነው የሚጠይቁት። ውሰዷቸው፣ ቤቱ ያምራል። ግን ቤቱ እሱ ከሄደ በኋላ የህንድ ነጋዴ የሠራው እንደሆነ ንገሯቸው። ሰውዬው ሐረር ሲገባ ግጥም ትቶ ነበር፤ ቡናና ቆዳ ሲነግድ፣ ኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ሲሸጥ ነበር። ጀጎል ውስጥ ግን ዛሬም ከረቡ የሚሉት ከበሮ እየተመታ፣ ከበል የሚሉት የእንጨት ማጨብጨቢያ እየተንኳኳ ዚክር፣ የፈጣሪ ውዳሴ፣ ሲባል ያድራል። አብዛኛው ሰው ዜማውን ሰምቶ ይሄዳል። ቃሉን ማን ጠየቀ? እንግዳ ሁለት ሰዓት ራምቦ ቤት ካስቀመጣችሁ፣ አንድ ሰዓት በጌይ ሲናን፣ በሐረሪ ቋንቋ ማለት ነው፣ ለሚጽፍ ወጣት ስጡ። ተርጓሚ ይዞ።

ፈቃድ ነገርም አለ። «ፊልሙን ከቴሌግራም አውርደነዋል» ስትሉኝ ዝም አልኩ እንጂ ሰምቻለሁ። አይሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ሕግ ባይኖር እንኳ የሶማሌን አርብቶ አደር እዩ። የሰው ግጥም በቃሉ ይዞ አገር የሚያቋርጥ ሰው ቃል አይቀይርም፣ የገጣሚውንም ስም ሳይጠራ አይጀምርም። ለዳይሬክተሩ ጻፉለት። ብዙዎቹ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ከተጠየቁ በነፃ ይሰጣሉ። ለገጣሚም ክፈሉ። ለጄኔሬተር የከፈለ አዘጋጅ ለገጣሚ «ዕድሉን ሰጥተንሃል» ሲል ሰምቼ አፍሬ አውቃለሁ።

አሁን ተርጓሚ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገራችሁና ልተዋችሁ።

ከግመሉ ነገር ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ ዝግጅት ላይ ተጠራሁ። አንዲት እናት ቡራንቡር ሊያቀርቡ ነበር፤ ቡራንቡር የሶማሌ ሴቶች የግጥም ዓይነት ነው። ይሄኛዋ ተርጓሚ ገና ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች፣ ግን ሁለት ሳምንት ቀድማ ተነግሯታል። ሀፈት ኢሳ ሰፈር፣ እናትየዋ ቤት ሁለት ቀን ከሰዓት ሄዳ ተቀምጣለች። አልገባኝም ያለችውን ጠይቃለች፣ በስልኳ ቀድታለች፣ አማርኛውን ጽፋ ለእናትየዋ አንብባላቸዋለች። «ይሄ ቃል ደካማ ነው» ብለው ሁለት ቦታ አስቀይረዋታል። ዕለቱ ሲመጣ ስንኙ ሲባል አማርኛው ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ይወጣል። ስክሪን አልነበረንም፣ ነጭ አንሶላ ነው የሰቀልነው።

ግጥሙ ስለ አንድ ጀበና ነበር። ጀበናዋን የሚጠይቅ እንግዳ ብዙ ነው፣ ባለቤቷን የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው ቀልድ ሲመጣ ሶማሊኛ የሚሰማው ሳቀ። ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ሌላው ሳቀ። እናትየዋ ቀጥለው ስለነበር ሁለተኛው ሳቅ ቃላቸውን በላው። ቆሙ፣ ዞረው አንሶላውን አዩ፣ ከዚያ ሕዝቡን። ነገሩ ገባቸው። ከዚያ ወዲያ በየቀልዱ መጀመሪያ አንዱ ወገን ይስቃል፣ እሳቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ፣ ሌላው ወገን ይስቃል፣ ይቀጥላሉ።

ቅጂው እኔ ጋ አለ። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ።