በጋ ተብዬው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሊድስ ነው። ዘንድሮ ኦገስት ላይ ዌልስ ባሕር ዳር ለአንድ ሳምንት ካራቫን (የእረፍት ተጎታች ቤት) ተከራየን። ከሰባቱ ቀን አምስቱን ዘነበ። ሁለቱ ልጆቼ በመስኮት ዝናቡን እያዩ ካርታ ሲጫወቱ ከረሙ፣ የአሸዋ ባልዲያቸው መኪና ውስጥ እንዳለ ተመለሰ። ባለቤቴ «ለከርሞ ከትምህርት ቤት አስቀርተን ጁን ላይ እንሂድ» ይላል። እኔ ቅጣቱን ፈርቻለሁ። ምን ትሉናላችሁ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ በኦገስት የተሸወድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ባልሽ ስለ ወሩ ልክ ነው፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ግን አልስማማም።

እዚህ አገር ኦገስት የሚሞቅ ወር እንጂ የሚፈካ ወር አይደለም። በአማካይ ብዙ ፀሐይ የሚታየው ሜይና ጁን ላይ ነው። በዚያ ላይ ጁን 21 አካባቢ ሊድስ ወደ 17 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን አላት፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ ግን ከ14 ሰዓት ያንሳል። ዝናቡን የሚነዳው ከላይ በፍጥነት የሚነፍሰው ጄት ስትሪም የሚባለው ነፋስ ነው። እሱ ብሪታንያ ላይ ከተቀመጠ ከአትላንቲክ ደመና በደመና ላይ እየጎተተ ያመጣል፤ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ካለ ደግሞ ሙቀት ነው። ጁላይ 19 ቀን 2022 ሊንከንሻየር ውስጥ ኮኒንግስቢ 40.3 ዲግሪ የገባችውም በዚሁ አገር ነው፣ ስለዚህ ማንም ዋስትና አይሰጥሽም።

ቅጣቱን መፍራትሽ ተገቢ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ፈቃድ አንድ ሳምንት ካስቀራችኋቸው ለእያንዳንዱ ወላጅ በእያንዳንዱ ልጅ 80 ፓውንድ ሊመጣ ይችላል። እናንተ ጋ ሁለት ወላጅ፣ ሁለት ልጅ፣ 320 ፓውንድ! በ21 ቀን ካልተከፈለ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ብር ሌላ ሽርሽር ይወጣዋል። ሜይ መጨረሻ ላይ ያለችው የአንድ ሳምንት እረፍት እኮ ማንንም ሳትለምኑ የእናንተ ናት። የካራቫን ኪራዩም ብዙ ጊዜ ከኦገስት ይቀላል።

ሌላው ቦታው ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው ደመና መጀመሪያ የሚያገኘው የምዕራቡን ተራራ ስለሆነ ውኃውን እዚያው ያራግፋል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ተራራማው ሌክ ዲስትሪክት ውስጥ ያለችው ሲትዌይት በዓመት ከ3,000 ሚሊሜትር በላይ ይዘንብባታል፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የኤሴክስ ባሕር ዳር ግን 500 ገደማ ቢያገኝ ነው። ከሊድስ ተነስታችሁ ዌልስ ድረስ ዝናብ ፍለጋ ከምትነዱ የምሥራቁ ባሕር ዳር ከተሞች ስካርብራ ወይም ፋይሊ እዚሁ አፍንጫችሁ ስር አሉላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሜይ ላይ የምሥራቁ ባሕር ገና ቀዝቃዛ ነው፣ 12 ዲግሪ እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ ልጆቹ እግራቸውን ነክረው እየጮኹ ነው የሚወጡት። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ከመጣ ደግሞ የአካባቢው ሰዎች ፍሬት የሚሉት ጉም የባሕር ዳሩን ይሸፍነዋል። ያኔ ተስፋ ቆርጣችሁ ካራቫን ውስጥ እንዳትቀመጡ! መኪና አስነስታችሁ ጥቂት ማይል ወደ ውስጥ ስትገቡ ብዙ ጊዜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ታገኙታላችሁ።

ሥራ አልፈቅድ ብሎ ኦገስት ግድ ከሆነ፣ ጃንዋሪ ላይ ከፍላችሁ አትታሰሩ። የሦስት አራት ቀን ትንበያ ደህና ይታመናል፣ እሱን አይታችሁ በመጨረሻ ሰዓት ያዙ። ምርጫው ይጠብባችኋል እንጂ ባዶ ቦታ አይጠፋም። ባልዲውን ከመኪናው አታውርጂው።