አሮጌው ከርነል አልለቅም አለኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ነው፤ የማስተዳድረው ሰርቨር ግን ደሴ ቅርንጫፋችን ውስጥ ይገኛል። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ከቤቴ ሆኜ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድርልኝን ሲስተም ከፕሮክስሞክስ 7 ወደ 8 አሻሻልኩት። መሀል ላይ ግንኙነቱ ለ20 ደቂቃ ያህል ተቋርጦብኝ ነበር። አሁን ስሪቱን ስጠይቀው 8 ይለኛል፤ አጥፍቼ ባስነሣውም የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉ ግን ያው አሮጌው 5.15 ነው። በፓኬጆቹ (በተጫኑት የፕሮግራም ጥቅሎች) ዝርዝር ላይ «አርሲ» የሚል ምልክት ያለባቸው 30 ያህል መስመሮች አሉ። በዚያ ላይ «ከእንግዲህ አያስፈልጉም» ያላቸውን 14 ፓኬጆች ላጥፋ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ሰርቨሩ 6 ቨርቹዋል ማሽኖች (በውስጡ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች) ተሸክሟል፤ አንዱ የሒሳብ ክፍሉ ነው። ማታ እዚያ የሚያድረው የጥበቃ ሠራተኛው ብቻ ነው። እሺ ልበለው?
ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አትበዪው። ቢያንስ ዛሬ አትበዪው።

«አርሲ» አያስጨንቅሽ። ፕሮግራሙ ተነሥቶ የማዋቀሪያ ፋይሉ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ ተከራዩ ወጥቶ ምስማሩ ግድግዳው ላይ እንደ ቀረ ቁጠሪው። እኔን ያሳሰበኝ ያ 20 ደቂቃ ነው። በፕሮክስሞክስ ድረ ገጽ ላይ ባለው ኮንሶል (የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) በኩል እየሠራሽ ከነበረ፣ ኮንሶሉ ራሱ በማሻሻያው መሀል ስለሚቋረጥ ሥራው ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር መግቢያ) ገብቶ ቲመክስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ መሥራት የሚመከረው ለዚህ ነው፤ መስመሩ ቢበጠስም ሥራው እዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ «አይዩ» ወይም «አይኤፍ» የሚል ምልክት ፈልጊ። ካገኘሽ ፓኬጁ ሳይዋቀር ቀርቷልና ፓኬጅ ጫኚው ዲፒኬጂ የቀሩትን ሁሉ አዋቅሮ እንዲጨርስ እዘዢው። የፓኬጅ ምንጮቹንም ተመልከቺ፤ ፕሮክስሞክስ 8 የቆመው ቡክዎርም በሚባለው በዴቢያን ሊኑክስ 12 ላይ ነው። አንድ ፋይል ውስጥ እንኳ «ቡልስአይ» (የአሮጌው የዴቢያን 11 ስም) የሚል መስመር ከቀረ፣ አሮጌና አዲስ ተደባልቆ ይቆይሻል።

አሁን ወደ ከርነሉ። የማስነሻ መሣሪያውን የከርነሎቹን ዝርዝር ጠይቂው። ምናልባት አንድ ቀን ችግር ገጥሞሽ 5.15ን «በዚህ ብቻ ተነሣ» ብለሽ ቸንክረሽው ረስተሽው ይሆናል። ያ ካልሆነና ሰርቨሩ ዜድኤፍኤስ በሚባለው የፋይል ሥርዓት ላይ ከተጫነ፣ የማስነሻ ክፍልፋዩ ሞልቶ እንደሆነ እዪ። በ7 ዘመን የሚሰጠው 512 ሜጋባይት ነበር፤ አሮጌ ከርነሎች ሲከማቹበት አዲሱ የሚገባበት ያጣል። እንዲህ ከሆነ ከሁሉ የቆየውን አንዱን ብቻ አንሺ። አሁን የተነሣሽበትን እንዳትነኪ።

አዲሱን ከርነል ከማስነሣትሽ በፊት ግን የኔን ጉድ ስሚ። እኔም ሰርቨሬ ደሴ ነበር። አሮጌ ከርነሎቹን ከአዲስ አበባ ሆኜ ጠራርጌ አጠፋሁና ማሽኑን አስነሣሁት፤ ጠፍቶ ቀረ። በማግስቱ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጓዝኩ። ደርሼ ስክሪን ብሰካበት ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹም ይሠራሉ። አዲሱ ከርነል የኔትወርክ ካርዱን ስም ከ«ኢኤንፒ3ኤስ0» ወደ «ኢኤንፒ4ኤስ0» ቀይሮታል፤ ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከኔትወርኩ የሚያገናኘው ድልድይ ደግሞ አሁንም 3ን ይጠብቃል። የተጓዝኩት አንዲት ቁጥር ለማረም ነበር። ሻይ ሳልጠጣ ጨረስኩ።

አንቺ እንዲህ አታድርጊ። አስቀድመሽ የኔትወርክ ካርዱን ስም ከማክ አድራሻው (ከካርዱ የራሱ መለያ ቁጥር) ጋር የሚያስር የሊንክ ፋይል ጻፊ። ከዚያ 5.15ን ቸንክሪው፤ አዲሱን 6.2 ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ «ለቀጣዩ ማስነሻ ብቻ» በሚለው አማራጭ ምረጪው። ሲስተሙ ተነሥቶ ኔትወርኩ ብቻ ከጠፋ፣ የጥበቃው ሠራተኛ ማብሪያውን አንዴ ነካ አድርጎ ማሽኑ ሲጠፋ እንደገና ቢጫነው በአሮጌው ይነሣልሻል። አዲሱ ከርነል ከነጭራሹ ካልተነሣ ግን ይህ ዘዴ አያድንሽም፤ ከማስነሻ ምናሌው አሮጌውን የሚመርጥ ሰው ኪቦርድና ስክሪን ይዞ ፊቱ መቆም አለበት። ስለዚህ ይህን ሥራ ሌሊት ሳይሆን ቅርንጫፉ ክፍት ሳለ፣ ከምሳ ሰዓት ጋር አጋጥመሽ ሥሪው። የሒሳብ ክፍሉን ቀድመሽ አስፈቅጂ፤ የ6ቱንም ማሽኖች መጠባበቂያ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጪ።

አዲሱ ከርነል ሳምንት ያህል ከሠራ በኋላ የ5.15ን ችንካር ነቅለሽ ወደ 14ቱ ፓኬጆች ተመለሺ። ስማቸውን አንድ በአንድ አንብቢ። አሮጌ ከርነሎችና አሮጌ ላይብረሪዎች ከሆኑ ይሂዱ። «ፕሮክስሞክስ ቪኢ» የሚለው ዋናው ፓኬጅ ከመካከላቸው ካለ እጅሽን አንሺ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምንጮቹ ፋይል ተበላሽቷል ማለት ነው። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ያለ ተጨማሪ ማረጋገጫ እንዳይነሣ አግደውታል፤ እገዳውን ለማለፍ ስሙ «እባክህ ፕሮክስሞክስን አጥፋ» የሚል ፋይል በገዛ እጅሽ መፍጠር አለብሽ። የ«አርሲ»ዎቹን ማጽዳት የመጨረሻው ሥራ ነው። ከመካከላቸው የዳታቤዝ ፓኬጅ ካለ ለይተሽ ተይው፤ አንዳንዱ ሲጸዳ መረጃውንም ይዞ ይሄዳል።