ብስኩት በኮንቴይነር ሲሄድ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። አነስተኛ የምግብ ማምረቻ አለኝ። ብስኩትና በጣሳ የታሸገ የቲማቲም ድልህ እናመርታለን። ባሕር ማዶ ያለ ደንበኛ አንድ ኮንቴይነር አዞናል። የማማክራቸው ሰዎች “ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ምግብ ነው፣ ምን ያሳስብሃል፣ ጫነው” ይሉኛል። እኔ ግን ከወር በላይ መርከብ ላይ እንደሚቆይ ሳስብ ልቤ አያርፍም። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት፣ ወንድሜ። ልብዎ አለማረፉም ትክክል ነው። ማቀዝቀዣ አይፈልግም ማለት ምንም አይነካውም ማለት አይደለም። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። ተበላሽቶ ያየሁት የታሸገ ምግብ አብዛኛው የባሕር ውኃ ገብቶበት አይደለም። ያረጠበው ውኃ ገና ከመጋዘን ሲነሳ አብሮት የተጫነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቶን እርጥበት ይይዛል። ካርቶኑ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ፣ ፓሌት የሚሉት፣ በደንብ ካልደረቀ ደግሞ ከእሱ የባሰ ይይዛል። ቀን ላይ ፀሐይ ኮንቴይነሩን ስታግለው ይህ እርጥበት ተን ሆኖ ይወጣል። ማታ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጣሪያው እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የሚያርፈው የላይኛው ረድፍ ካርቶን ላይ ነው። ከሞቃት አገር ወደ ቀዝቃዛ አገር በሚሄድ ጭነት ላይ ይብሳል። በተቃራኒው ሲሆን ደግሞ ችግሩ ጣሳው ላይ ነው። ቀዝቅዞ የከረመ ጣሳ ሞቃትና እርጥብ ወደብ ላይ በሩ ሲከፈትለት ራሱ ጣሳው ላብ ያወጣል። ከንፈሩ ይዝጋል፣ የተለጠፈው ወረቀትም ይላቀቃል። ውስጡ ያለው ድልህ ደህና ቢሆንም የዛገ ጣሳ የሚገዛ የለም።

ስለዚህ ከፓሌቱ ይጀምሩ። ደረቅ ፓሌት ይግዙ፣ የእርጥበት መለኪያ ካለ ከ20 በመቶ በታች መሆኑን ያረጋግጡ። ዝናብ ላይ አይጫኑ፤ ትንሽ የነካውን ካርቶን እንኳ “ይደርቃል” ብለው አያስገቡ። ኮንቴይነሩ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠሉ ካልሲየም ክሎራይድ ያለባቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አሉ፤ ይግዟቸው። ጠቡን የሚቀበል ወረቀት ከላይኛው ረድፍ ላይ ማልበስም ይጠቅማል።

ባዶው ኮንቴይነር ሲመጣ ደግሞ ሳያዩ አይቀበሉ። ውስጥ ይግቡና ውጭ የቆመ ሰው በሩን ይዝጋብዎት። ጨለማው ውስጥ ጣሪያውንና ማዕዘኖቹን ቀስ ብለው ይመልከቱ። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ከታየችዎት ያ ኮንቴይነር ይመለስ። እዚያው እንዳሉ አየሩን በአፍንጫዎ ይሳቡት። ብስኩት ጠረን በቀላሉ ይቀበላል። የሳሙና ሽታ ባልለቀቀው ኮንቴይነር የተጫነ ብስኩት አውቃለሁ። ማሸጊያው ምንም አልሆነም፣ ካርቶኑ ደረቅ ነበር፣ ሲቀመስ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል። ያ ሁሉ ዕቃ ተጣለ።

አደራደሩን ለጉልበት ሠራተኞች ብቻ አይተዉት፣ አብረው ይቁሙ። የካርቶን ጥንካሬ ያለው ማዕዘኖቹ ላይ ነው። ስለዚህ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ይረፍ። እንደ ጡብ አጠላልፎ መደርደር ለዓይን ጠንካራ ይመስላል፣ ግን የታችኛውን ካርቶን መሃሉ ላይ ያስጨንቀዋል። ከፓሌቱ ጠርዝ አልፎ የወጣ ካርቶንም እንዲሁ ነው፤ ማዕዘኑ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ የቻለው ካርቶን ሳምንታት እርጥበት ሲጠጣ አይችልም። ከባዱ የድልህ ካርቶን ከታች፣ ወለሉ ላይ እኩል ተሰራጭቶ ይደርደር፣ ብስኩቱ ከላይ ይሁን።

ሙቀቱንም አይርሱ። ፀሐይ የሚያገኘው ኮንቴይነር ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ቸኮሌት የተቀባ ብስኩት ካለዎት ከዚህ ጭነት ያውጡት።

ክብደት ላይ አጭር ነገር ልበል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ወደ 33 ሜትር ኩብ ይይዛል። ጣሳ ከባድ ስለሆነ ቦታው ሳይሞላ ክብደቱ ይሞላል። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደቱ ያልተገለጸ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም። ፓሌቱም ተባይ እንዳይኖርበት ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ የታከመና ዓለም አቀፉ ማህተም ያለበት ይሁን። ያለበለዚያ ብዙ አገር ወደብ ላይ ያስቆመዋል።

ከሁሉም በላይ የምለምንዎት የመጠቀሚያ ጊዜውን እንዲያሰሉ ነው። ብዙ ገዢዎች ዕቃው ሲደርስ ግማሹ ወይም ሁለት ሦስተኛው ጊዜ እንዲቀረው ይፈልጋሉ። ስንት ቀን እንደሚሉ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ መጋዘን የሚቆይበትን፣ ወደብ የሚጠብቅበትን፣ መንገድ ላይ ከመርከብ ወደ መርከብ የሚዛወርበትንና የጉምሩኩን ቀን ሁሉ ይደምሩ። የመርከብ ድርጅቱ የሚሰጥዎት ቀን ግምት ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ብዙ መርከቦች ቀይ ባሕርን ሸሽተው በደቡብ አፍሪካ ዞረው ሲሄዱ፣ በእስያና በአውሮፓ መካከል ያለው ጉዞ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ረዝሟል። ትኩስ ምርት ይላኩ፤ ከመጋዘን የከረመውን አይደለም።

የወረቀቱ ነገር እንደ አገሩ ይለያያል። ለምሳሌ አሜሪካ ፋብሪካው አስቀድሞ እንዲመዘገብ ትፈልጋለች፤ በመርከብ የሚመጣ ምግብም ከመድረሱ ቢያንስ 8 ሰዓት በፊት እንዲነገራት ትጠይቃለች። የመለያ ጽሑፉን ንድፍ ሳያትሙ ለደንበኛዎ ይላኩና “ይሁን” ያስብሉ። ወረቀት ሲዘገይ የወደቡ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል።

ጥያቄ፦ የታሸገ ምግብ እልካለሁ። ዕቃው ቢጎዳ የመርከብ ድርጅቱ ይከፍላል ወይስ ኢንሹራንስ መግባት አለብኝ?

መልስ፦ ይግቡ፣ እባክዎ። የመርከብ ድርጅት ኃላፊነት ወሰን አለው። የሚከፍለው በጥቅል ወይም በኪሎ ተሰልቶ ነው፤ የዕቃዎን ሙሉ ዋጋ ላይሆን ይችላል። ሌላም አለ። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ ስትቀረቀር፣ ባለቤቷ ኪሳራው ለባለ ጭነቶች ሁሉ እንዲከፋፈል ጠይቋል። የባሕር ሕግ ይፈቅድለታል። ዕቃዎ ምንም ሳይነካ መዋጮ ይጠየቃሉ ማለት ነው።

ውሉ ሲአይኤፍ ከሆነ፣ ማለትም ዋጋው የመርከብ ማጓጓዣንና ኢንሹራንስን የሚጨምር ከሆነ፣ ኢንሹራንሱን የሚገዛው ሻጩ ነው፤ ግን ግዴታው ዝቅተኛው ሽፋን፣ “ሲ” የሚባለው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የእርጥበት ጉዳትን አይጨምርም። ለምግብ ሰፊውን፣ “ኤ” የሚባለውን ይጠይቁ። እሱም ቢሆን በመዘግየት፣ በዕቃው የራሱ ባሕርይ ወይም በደካማ ማሸጊያ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። ስለዚህ ሲጭኑ እያንዳንዱን ረድፍ ፎቶ ያንሱ፣ የኮንቴይነሩ በር የሚታሸግበትን የማኅተም ቁጥርም ጭምር። ተቀባዩም በሩን እንደከፈተ፣ አንድ ካርቶን ሳያወርድ ፎቶ ያንሳ። ጉዳት ካየ መረከቢያው ላይ ይጻፈው። ከላይ የማይታይ ጉዳት ከሆነ በብዙ የጭነት ውሎች የማሳወቂያ ጊዜው 3 ቀን ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከተረከቡበት ጀምሮ ነው።